ጀልባውን የተሸከመው ማን ነው?

በሂማላያ ታላቅ ወንዝ ላይ ስለ ተጻፉና ስለ ተቀረጹ የጉዞ ሥራዎች የቀረበ ሂስ

ተውኔት የሚወለደው ፈቃድ ከፈቃድ ጋር ሲጋጭ ነው። ይህ በተውኔት ትምህርት መግቢያ ላይ የሚነገር፣ ዳሩ ግን በሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው። ማዕበል፣ ገደል፣ በረዶና ረሃብ በመድረክ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሰውን ያስፈራሉ፣ ይገድላሉም። ሆኖም አንዳቸውም አይመኙም፤ አይዋሹም፤ አይጸጸቱም። ስለዚህ ተፈጥሮን ብቻ ባላጋራ አድርጎ የሚነሣ ደራሲ ድንጋጤን ይፈጥር ይሆናል እንጂ ተውኔትን አይፈጥርም።

ይህ እውነት ጎልቶ ከሚታይባቸው የሥነ ጽሑፍና የሲኒማ ዘርፎች አንዱ የወንዝ ጉዞ ታሪክ ነው። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ውስጥ ጥቂት ቀዛፊዎች በትንንሽ ጀልባዎች ሆነው በማይደፈር ወንዝ ላይ ቀናትና ሳምንታት የሚጓዙበት መጽሐፍና ፊልም በምዕራቡ ዓለም ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል። ሥሪቱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። አስፈሪ ወንዝ አለ፤ ደፋር ጀልባ ነጂ አለ፤ «ከዚህ በፊት ማንም አልሄደበትም» የሚል አዋጅ አለ። በመጨረሻው ወንዙ ይሸነፋል ወይም ሰው ይሞታል። ጥያቄው ይህ ሥሪት ስንት ሰው ከታሪኩ ውጭ ያስቀራል የሚለው ነው። ከዚህም በላይ፣ እነዚያን ሰዎች ከውጭ በማስቀረቱ ሥራው ራሱ እንደ ሥነ ጥበብ ምን ያህል ይጎዳል የሚለው ነው። ለዚህ ምርመራ ከያርሉንግ ፃንግፖ የሚሻል ምሳሌ አይገኝም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያርሉንግ ፃንግፖ ከምዕራብ ቲቤት የበረዶ ግግር ተነሥቶ ሂማላያን በስተቀኝ እያደረገ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። በዚህ ረጅም መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ ሰፊና ዝግ ያለ ነው። የአገሩም ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በያክ ቆዳ በተሠራ ጀልባ ይሻገሩታል። ከዚያም 7,782 ሜትር ከፍታ ያለው የናምቻ ባርዋ ተራራ ፊት ለፊት ይገተርበታል። ወንዙ በዚህ ተራራና በጊያላ ፔሪ መካከል ዐለቱን ሰንጥቆ ይገባል፤ ተጠማዝዞም ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል፤ በአጭር መንገድ ውስጥም ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከገደሉ ሲወጣ በሕንድ ሲያንግ ይባላል፤ ቀጥሎ ብራህማፑትራ፣ በባንግላዴሽ ደግሞ ጀሙና እየተባለ ወደ ባሕር ይገባል። እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ የላይኛው ፃንግፖና የታችኛው ብራህማፑትራ አንድ ወንዝ መሆናቸውን የውጭ ካርታ ሠሪዎች በእርግጠኝነት አያውቁም ነበር።

የዚህ ወንዝ ታላቅ ታሪክ የሚጀምረው በጀልባ ነጂ አይደለም። የሚጀምረው ማንበብና መጻፍ በማይችል አንድ የሲኪም ሰው ነው። ስሙ ኪንቱፕ ነው። በ1880 የእንግሊዝ ሕንድ የቅየሳ መሥሪያ ቤት ከአንድ ላማ ጋር ወደ ቲቤት ላከው። ተልእኮውም ምልክት ያለባቸውን ግንዶች በፃንግፖ ላይ መጣል ነበር፤ ግንዶቹ በአሳም በኩል ከታዩ ወንዙ አንድ መሆኑ ይረጋገጣል። ላማው ግን ገንዘቡን አባክኖ ኪንቱፕን ለባርነት ሸጠውና ተሰወረ። ኪንቱፕ አመለጠ፤ በአንድ ገዳም ተጠግቶ አገለገለ። ለመሳለም እሄዳለሁ እያለ ፈቃድ እየጠየቀ አምስት መቶ ግንዶች ቆርጦ በስውር አዘጋጀ፤ ግንዶቹ የሚጣሉበትን ጊዜ የሚያስታውቅ ደብዳቤም አጽፎ ላከ። ቀኑ ሲደርስ በየቀኑ ሃምሳ ሃምሳ እያደረገ በአሥር ቀን ውስጥ ሁሉንም ጣላቸው። ደብዳቤው ግን ለሚመለከተው ሰው አልደረሰም። ግንዶቹ ወረዱ፤ ታች ሆኖ የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረም።

ኪንቱፕ በ1884 ሲመለስ ያየውን በቃል ተናገረ፤ ሌላው ጻፈው፤ ሌላው ተረጎመው። በዚህ መካከል ሁለት ልዩ ልዩ ፏፏቴዎች ተቀላቅለው በታላቁ ወንዝ ላይ 45 ሜትር ያህል የሚወርድ አንድ ፏፏቴ ሆነው ተመዘገቡ። ብዙዎች ታሪኩን ተጠራጠሩት። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1913፣ ቤይሊና ሞርስሄድ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ መኮንኖች በዚያው መንገድ ሄዱ፤ የሰውየው ትውስታ በአብዛኛው ትክክል መሆኑን፣ ስህተቱም የጽሑፉ መሆኑን አረጋገጡ። ኪንቱፕ ያን ጊዜ በዳርጂሊንግ ልብስ እየሰፋ የሚኖር ሽማግሌ ነበር። ቤይሊ ጡረታ እንዲቆረጥለት ተከራከረለት፤ የተሰጠው ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል አንድ ሺህ ሩፒ ነበር።

ይህን ታሪክ ማንኛውም ጸሐፌ ተውኔት ቢያየው ወዲያው ያውቀዋል። ፈቃድ ከፈቃድ ጋር ተጋጭቶበታል። የከዳተኛው ላማ ፈቃድ፣ የገዢው መሥሪያ ቤት ፈቃድ፣ የተሸጠው ሰው ግትር ታማኝነት አሉበት። ወንዙ በመካከላቸው ያልፋል እንጂ ባላጋራ አይደለም። ከኪንቱፕ በኋላ በዚህ ገደል ላይ የተጻፉት ሥራዎች ሁሉ ሊመዘኑ የሚገባቸው በዚህ ሚዛን ነው፤ ይኸውም የሰውን ፈቃድ ምን ያህል አሳይተዋል በሚል።

በጥቅምት 1998 አራት አሜሪካውያን ቀዛፊዎች በካያክ፣ ማለት አንድ ሰው ብቻ በሚይዝ ጠባብ ጀልባ፣ ወደ ገደሉ ገቡ። በዚያ ዓመት የነበረው ዝናብ ከባድ ስለነበረ ወንዙ ከጠበቁት እጅግ ሞልቶ አገኙት። ከአራቱ አንዱ፣ የኬሚስትሪ ባለሙያው ዳግ ጎርደን፣ በውሃው ተወስዶ ሞተ። ስለዚህ አንድ ጉዞ በ2000 ሁለት መጻሕፍት ወጡ። አንዱን የጻፈው የጉዞው መሪ ዊክሊፍ ዎከር ነው፤ ሌላውን የጻፈው ከጉዞው ውጭ የነበረው ቶድ ባልፍ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማንበብ ለሥነ ጽሑፍ መምህር ጥሩ ትምህርት ይሰጣል።

የዎከር መጽሐፍ ርእስ «ኮርቲንግ ዘ ዳይመንድ ሶው» ይላል። «የአልማዟን እሪያ ማሽኮርመም» እንደ ማለት ነው። በቲቤት ቡድሂስቶች እምነት በገደሉ ዙሪያ ያለው የፔማኮ አገር ዶርጄ ፓግሞ የምትባል የእሪያ ፊት ያላት ሴት አምላክ ሥጋ ነው፤ ተሳላሚውም በእግሩ የሚሄደው በእርስዋ አካል ላይ ነው። ርእሱ ይህን ያውቃል፤ ነገር ግን የተሳላሚውን መሬት ወደ ወንድ ልጅ የፍቅር ጨዋታ ይለውጠዋል። የባልፍ መጽሐፍ ደግሞ «ዘ ላስት ሪቨር» ማለት «የመጨረሻው ወንዝ» ይባላል። ለማን ነው የመጨረሻው? በዳርቻው ለሚኖሩት ለሞንፓና ለሎፓ ሕዝቦች ወንዙ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አይደለም፤ ወንዛቸው ነው። በገመድ እየተንጠላጠሉ የሚሻገሩት፣ በደኑ ውስጥ የሚያድኑበት፣ ሙታናቸውን የሚያስቡበት ስፍራ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ርእሶች አንባቢው ገና ሽፋኑን ሳይገልጥ የሚቆምበትን ቦታ ይወስኑለታል፤ ያ ቦታም የእንግዳው ቦታ ነው።

ይህ ማለት ግን መጻሕፍቱ ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም። ጥንካሬያቸው ያለው ብዙ አንባቢ ችኩሎ በሚያልፈው ስፍራ ነው። ቀዛፊ ወደ አስፈሪ ውሃ ሲደርስ ከጀልባው ይወርዳል፤ በዳርቻው ድንጋይ ላይ ቆሞ ይመለከታል፤ ከዚያም ወይ እቀዝፋለሁ ይላል፣ ወይ ጀልባውን ተሸክሞ ያንን ስፍራ በየብስ ያልፋል። ድራማው ያለው በዚህች ቅጽበት ነው። ውሃው አይወስንም፤ የሚወስነው ሰው ነው። ስለ 1998ቱ ጉዞ የቀረበው ታላቅ ጥያቄም ይኸው ነበር፤ ወንዙ እንዲህ ሞልቶ ሲታይ መግባት ይገባ ነበርን? መሪ የነበረው ሰው ሲጽፍ ከውሳኔው ውስጥ ሆኖ ይጽፋል፤ የውጭው ጸሐፊ ሲጽፍ ውሳኔው ካለፈ በኋላ ይመረምራል። አንዱ የኀዘንን ክብደት ይሸከማል፤ ሌላው የፍርድን። ሁለቱ ተደምረው ግን የሚናገሩት ስለ ጥቂት ቀዛፊዎች ነው። ዐይናቸው ከጀልባ ብዙም አይርቅም።

በዚያው ዓመት፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሌላ ዜና ተሰማ። ኢየን ቤከር፣ ኬን ስቶርምና ሐሚድ ሰርዳር የተባሉ ተጓዦች በእግራቸው ወርደው በገደሉ ውስጥ ከሠላሳ ሜትር በላይ የሚወርድ ፏፏቴ ለኩ። ኪንግደን ዋርድ የተባለው የዕፀዋት ሊቅ በ1924 ያላየው ክፍል ይህ ነበር። ዓለም ግኝት ብሎ አወጀ። ነገር ግን ወደ ስፍራው የመሯቸው የአገሩ አዳኞች ነበሩ፤ ፏፏቴውንም ያውቁት ነበር። «ማንም ያላየው» የሚለው ሐረግ «ማንም» የሚለውን ቃል ትርጉም ያጠብበዋል። ሃያሲ በእንዲህ ያለ ቃል ላይ ሊቆም ይገባዋል፤ በአንዲት ቃል ውስጥ አንድ ሙሉ ሕዝብ ሊሰወር ይችላልና።

የጉዳዩ ማእከል ያለው በ2002ቱ ጉዞ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ክረምት፣ ውሃው በሚቀንስበት ወራት፣ በስኮት ሊንድግረን መሪነት ሰባት ቀዛፊዎች የላይኛውን ገደል በካያክ ወረዱ። ከዚህ አንድ ጉዞ ሁለት ሥራዎች ተገኙ። የመጀመሪያው «ኢንቱ ዘ ፃንግፖ ጎርጅ» የተባለው የሊንድግረን ፊልም ነው። ሁለተኛው የፒተር ሄለር መጽሐፍ «ሄል ኦር ሃይ ዎተር» ነው፤ በ2004 ወጣ። ርእሱ በአማርኛ «የመጣው ቢመጣ» እንደ ማለት ነው። ፊልሙን የሠራው ሰው በጀልባ ውስጥ ነበር፤ መጽሐፉን የጻፈው ሰው በየብስ ላይ ይራመድ ነበር። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል ማለት ይቻላል።

ስለ ፊልሙ በመጀመሪያ የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል። የውሃን ግዝፈት በቃል መግለጽ አስቸጋሪ ነው፤ ቅጽል ተደርድሮ ቢከመር ማዕበል አይሆንም። ካሜራ ግን አንዲት ቀይ ወይም ቢጫ ጀልባ በነጭ አረፋ ውስጥ ስትሰጥም፣ ከዚያም ስትወጣ ሲያሳይ መለኪያውን ከሚለካው ነገር ጋር በአንድ ፍሬም ያስቀምጣል። ተመልካቹ የሰውን ትንሽነት በዐይኑ ያያል። ሰባቱ ሰዎች የነበራቸው ጥበብ እውነተኛ ጥበብ ነው። ውሃን ማንበብ፣ ጓደኛን መጠበቅ፣ መመለስ የማይቻልበትን ስፍራ አስቀድሞ ማወቅ ለዓመታት የሚለመድ ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ በማንም እጅ ቢሆን ይከበራል።

ይሁን እንጂ ሲኒማ አንድ አደገኛ መሣሪያ አለው፤ እርሱም ቅንብር ነው። አንድ ምስል ተቆርጦ ሌላው ሲቀጠል በመካከሉ ያለፈው ጊዜ ይጠፋል። በወንዝ ፊልም ውስጥ የሚጠፋው ጊዜ በአብዛኛው የሸክም ጊዜ ነው። ካሜራው ራሱ፣ ፊልሙ፣ ባትሪው፣ ዱቄቱና ድንኳኑ ከገደሉ አፋፍ ወደ ገደሉ ወለል በክንፍ አይሄዱም። በ2002ቱ ጉዞ ከሰባቱ ቀዛፊዎች ጋር ትይዩ ሆኖ በየብስ የሚሄድ ቡድን ነበር፤ በዚያም ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠሩ የአገሩ ተሸካሚዎች ነበሩ። ወንዙ ፈጽሞ የማይቀዘፍበት ስፍራ ሲደረስም ሴንቼን ላ የተባለውን በበረዶ የተሸፈነ የተራራ ማለፊያ በእግር መሻገር ግድ ሆነ። የፊልሙ ማእከል ውሃው ስለሆነ ይህ ሁሉ ከማእከሉ ዳር ይቀራል።

ሄለር ራሱ ካያክ ቀዛፊ ነው፤ በዚህ ጉዞ ግን ለመጽሔት ሊዘግብ የመጣ እግረኛ ነበር። ከቡድኑ መሪ ጋር የነበረው አለመግባባት በመጽሐፉ ውስጥ በግልጽ ይታያል። በእግር በመሄዱም ቀዛፊው የማያየውን አየ፤ በእርጥብ ደን ውስጥ ያለውን ቀጭን መንገድ፣ የሞንፓ አዳኞችን፣ የጀርባን ሸክም፣ የማታውን እሳት ሁሉ አየ። ስለዚህም የመጽሐፉ ከፍተኛ ትዕይንት በውሃ ላይ አይደለም፤ በጉዞው መካከል ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን አስቀምጠው ተጨማሪ ክፍያ ካልተሰጠን አንሄድም ያሉበት ነው።

ይህን ትዕይንት ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ቦታው ከየትኛውም ከተማ የራቀ ነው። ጊዜው ክረምት ነው። የእንግዶቹ ስንቅ በተሸካሚዎቹ እጅ ነው። እንግዶቹ ጉዳዩን እንደ ማስገደድ፣ ውልን እንደ ማፍረስ ያዩታል፤ ይህም ለእነርሱ ምክንያት አለው። ለተሸካሚው ግን የትከሻው ዋጋ ከፍ የሚልበት ጊዜ ያ ብቻ ነው፤ ጉዞው ሲያበቃ ሊጠይቅ ቢሞክር የሚሰማው አያገኝም። ሁለት ፈቃዶች ተፋጠጡ፤ ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ አንዱ ካልለቀቀ ጉዞው ይቆማል። ተውኔት ማለት ይህ ነው። ከሁሉም ማዕበል ይልቅ በዚህ ትዕይንት ላይ አንባቢ ትንፋሹን ይይዛል፤ ቀጥሎ የሚሆነው በሰው ውሳኔ የሚሆን ነውና።

ሄለር ይህን ትዕይንት ባለመደበቁ ምስጋና ይገባዋል። ነቀፋው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሰባቱ ቀዛፊዎች እያንዳንዳቸው ስም፣ ያለፈ ታሪክና የተለየ ጠባይ አላቸው፤ ተሸካሚዎቹ ግን በአመዛኙ በጅምላ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ድምፃቸው የሚሰማው በአስተርጓሚ አፍ አልፎ ነው። በጥንታዊው የግሪክ ተውኔት መዘምራኑ በአንድነት ይናገሩ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ከተማቸው ይናገሩ ነበር። እዚህ መዘምራኑ ስለ ዋጋ ብቻ ሲናገሩ ይሰማል። ያ ገንዘብ ለማን ዘር፣ ለማን መድኃኒት እንደሚሄድ አንባቢው ጠይቆ መልሱን አያገኝም። እንግዲህ መጽሐፉ በሩን ከፍቷል፤ ወደ ቤቱ ግን አልገባም።

ነገሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በ1968 በብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ቡድን በዓባይ ሸለቆ ወርዷል። በ1972 ማይክ ጆንስ የተባለ ቀዛፊ ከጓደኞቹ ጋር ዓባይን በካያክ ወረደ፤ ይኸው ሰው በ1976 ወደ ኔፓል ሄዶ ከኤቨረስት ግርጌ የሚነሣውን ዱድ ኮሲን ቀዘፈ። የሊዮ ዲኪንሰን ፊልም በዚህ ዘርፍ ስመ ጥር ሆነ። ጆንስ በ1978 በፓኪስታን በብራልዱ ወንዝ ላይ ጓደኛውን ለመርዳት ሲሞክር ሞተ። የዓባይን ሸለቆ የሚያውቅ ሰው ቆላው ባዶ አለመሆኑን ያውቃል። በተነፋ ስልቻ ተንሳፍፎ ወደ ማዶ ገበያ የሚሻገር፣ ከብቱን በዋና የሚያሻግር፣ የወንዙን መሙላትና መጉደል በወሩ የሚቆጥር ሰው አለ። «ማንም ያልደፈረው ዓባይ» የሚል ጽሑፍ ሲያነብ እንዲህ ያለው አንባቢ ፈገግ ይላል። ያ ፈገግታ ፃንግፖን በሚመለከት የሞንፓው ፈገግታ ምን ሊመስል እንደሚችል ለመገመት ይረዳዋል።

ሌላም የሚጨመር አለ። በሰኔ 2000 በፃንግፖ ገባር ላይ ናዳ ገድቦት የነበረ ውሃ ፈርሶ ወረደ፤ የታችኛውን ገደል ዳርቻ አጥቦ ወሰደው፤ በሕንድ በኩል ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቤት አልባ ሆኑ። የ2002ቱ ቀዛፊዎች የታችኛውን ገደል የተዉት አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ለጀልባ ነጂው ያ ጎርፍ የጉዞው መጨረሻ ነው፤ ለታችኛው አገር ሰው ግን የቤቱ መጨረሻ ነበር። አንድ ውሃ ለአንዱ ጨዋታ፣ ለሌላው ዕጣ ሲሆን ይህን ልዩነት አንድ ላይ የሚያሳይ ሥራ ገና አልተጻፈም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2025 ደግሞ ቻይና በዚያው ጥምዝ ላይ ታላቅ የኃይል ማመንጫ ግድብ መሥራት ጀምራለች። ስለዚህ እነዚህ መጻሕፍትና ፊልሞች ከእንግዲህ የጀብዱ ታሪክ ብቻ ሆነው አይቀሩም፤ የተለወጠ ወንዝ ሰነድ ይሆናሉ። ሰነድ ሲሆኑም የተዉት ሰው እንደ ተተወ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ለደራሲና ለመምህር የሚተርፍ አንድ ምክር አለ። ስለ ተራራ፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ በረሃ የሚጻፍ ሥራ ሲቀርብ በቅድሚያ የሚጠየቀው ተፈጥሮው ምን ያህል አስፈሪ ሆኖ ተሳለ የሚለው መሆን የለበትም። ጀልባውን እዚያ ያደረሰው ማን ነው? ስንት ተከፈለው? አልሄድም ያለው መቼ ነው? ስሙስ ማን ይባላል? ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ይህ ጥያቄ ከሥነ ጥበብ ውጭ የመጣ የፍትሕ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የሥነ ጥበቡ የራሱ ጥያቄ ነው። ሸክሙን የደበቀ ሥራ ግጭቱንም ስለሚደብቅ ከማዕበል በቀር የሚያሳየው አይኖረውም። ማዕበል ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ሲታይ ይለመዳል።

የኪንቱፕ ግንዶች በወረዱ ጊዜ ታች ቆሞ የሚመለከት አልነበረም። ዛሬ በየጥምዙ ካሜራ አለ። ይሁንና ከገደሉ አፋፍ በሸክም ጎብጦ የሚወርደውን ሰው ስሙን ጠርቶ፣ ቋንቋውን ሰምቶ የሚጽፍለት ገና ይጠበቃል።